የዘጌ ታንኳዎችና የማዶ ሽኮኮዎች

ተረት ተረት! «የላም በረት» በሉኛ።

ዘጌ የማይታረስ ምድር ነው። በጣና ደቡብ ምዕራብ ዳር ወደ ሐይቁ ዘልቆ የገባ፣ በደን የተሸፈነ መሬት፤ ሞፈርና ቀንበር አያውቅም፣ የሚያውቀው ቡናን ነው። እንግዲህ በዚያ እንስሳት ገበያ በሚወጡበት ዘመን የዘጌ እንስሳት ኑሮም ይኸው ነበር፦ ቡና ጭኖ መሻገር፣ ባሕር ዳር ላይ መሸጥ፣ ጤፍና ጨው ጭኖ መመለስ። ታንኳ ከሌለ እራት የለም።

ታንኳው ደግሞ የደንገል ነው። ደንገል ቀላል ስለሆነ ይንሳፈፋል፤ ግን ውሃ ይጠጣል። ከሥራ ሲመለስ ከውሃ ወጥቶ ፀሐይ ካልመታው ይከብዳል፣ ይበሰብሳል፤ ቢንከባከቡትም ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ታንኳ ተሠርቶ አለቀ የሚባል ነገር የለም። ሁልጊዜ አንዱ ይታሰራል፣ አንዱ ይጠገናል፣ አንዱ ይጣላል። (ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች እዚህ ላይ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ይታየኛል።)

አሳሪው አያ ጃርት ነበር፤ ከነልጆቹ፣ ከነልጅ ልጆቹ። ወስፌ አይገዛም፤ ከጀርባው ነቅሎ ይሰፋል። ማታ ማታ ገበያተኛው ሲመለስ ዳር ላይ ቆሞ ይጠብቅና የእያንዳንዱን ታንኳ ሆድ ይዳስሳል፤ የላላውን፣ ውሃ የጠጣውን፣ ድንጋይ የነካውን ይለያል። ቀዛፊውንም አይለቀውም። «ነፋሱ ዛሬ በየት በኩል መጣብህ? ለምን ወደ ግራ አዘነበልክ?» ይለዋል። «ለምን» ሳይል ገመድ አያነሣም። አያ ጅቦ አንድ ቀን «ሁለት ደርብ ያለው ታንኳ እሰርልኝ» ብሎ ቢመጣ «ለምን?» ተባለ። መልስ አልነበረውም። ከዚያን ቀን ወዲህ ጃርትን ማየት አይወድም።

እውነቱን ለመናገር ጃርት ያስመረረው ጅቦን ብቻ አልነበረም። ያ ቤተሰብ ክረምት ከበጋ ይበላል፤ ገበያ በሌለበት ሳምንትም ይበላል። ሥራው ቀስ ያለ ነው። ይባስ ብሎ የሚያውቀውን አያሳይም፤ «ይህ ቋጠሮ እንዴት ነው?» ሲሉት «ተዉት፣ እኔ አለሁ» ይላል። አንድ ክረምት ታሞ ሲተኛ ዘጌ ወር ሙሉ ያለ ጨው በላች። ያንን ወር የረሳ አልነበረም። እኔም ብሆን አልረሳውም።

የዘጌ ሹም አለቃ ጉሬዛ ናቸው፤ ነጭ ካባቸውን በትከሻቸው ጥለው ከዋርካው ቅርንጫፍ ላይ የሚቀመጡት። ጉሬዛ አውራ ጣት የለውም፤ ይህ ተረት ሳይሆን የፍጥረቱ ነገር ነው። አውራ ጣት የሌለው ደግሞ ቋጠሮ አይቋጥርም። እንዲህም ሆኖ ስለ ታንኳ የመጨረሻው ቃል የእሳቸው ነበር፤ ይህ በየትኛውም መሥሪያ ቤት የሚያስገርም አይመስለኝም።

ሒሳብ ያዥዋ እመት ጦጢት አንድ ቀን በሸንጎ ተነሣች። «ጌታዬ፣ ከአሥር ጆንያ ቡና ሦስቱን የሚበላው የጃርት ቤት ነው» አለች። «ስንሠራም ይበላል፣ ስንተኛም ይበላል። ታንኳ ሲያስፈልገን ብቻ የምንከፍለው አሳሪ ቢገኝስ?»

«የሌሊት ወፎቹን ረሳሻቸው?» አለ አያ ኤሊ ከዋርካው ሥር።

አልረሳቻቸውም። ከዚያ በፊት ርካሽ አሳሪ ተፈልጎ ሥራው ለሌሊት ወፎች ተሰጥቶ ነበር። እነሱ የሚነቁት ዘጌ ስትተኛ ነው። ማታ ጥያቄ ይቀመጥላቸዋል፤ ጠዋት መልስ ተቀምጦ ይገኛል፤ መልሱ ግን የሌላ ጥያቄ ነው። ያንን ለማስተካከል ሌላ ሌሊት ይሄዳል። ሥዕሉንም ተዘቅዝቀው ተንጠልጥለው ስለሚያዩት «ጭራው ወደ ላይ ይጠቅለል» የተባለውን ወደ ታች ጠቅልለው አስረከቡ። ሰነፎች ሆነው አይደለም። በቺካጎና በባንጋሎር መካከል ከ10 ሰዓት በላይ ልዩነት እንዳለ የሚያውቅ ሰው የሌሊት ወፎችን አይወቅስም፤ አንዱ ቁርሱን ሲበላ ሌላው እራቱን ጨርሷል። የአሜሪካ ኩባንያ ወደ ሜክሲኮ፣ የጀርመኑ ወደ ፖላንድ ዐይኑን የሚጥለው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ጦጢትም ያሰበችው እንዲሁ ነበር። «እኔ የምለው የሌሊት ወፍ አይደለም። ከማዶ፣ ከባሕሩ ወዲያ ጫፍ፣ ሽኮኮዎች አሉ። ሲነጋልን ይነጋላቸዋል፣ ሲዘንብልን ይዘንብባቸዋል። ጠዋት ብንጠራቸው ለምሳ ይደርሳሉ። ደንገሉ ከደጃቸው ነው። ብዙ ናቸው፣ ወጣት ናቸው፣ ዋጋቸውም የጃርትን ሲሶ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ» አለችና ወደ ጃርት ዞር ብላ፣ «እሺ ማለት ያውቃሉ።»

ሸንጎው ሳቀ። ጅቦ ከሁሉ አብልጦ ሳቀ።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አለ ኤሊ። «ጃርትን ካሰናበትን፣ ከማዶ የሚመጣው ታንኳ ጥሩ ይሁን መጥፎ ማን ይለይልናል?»

«ከሰጠመ መጥፎ ነው» አለች ጦጢት።

ከዚህ በኋላ ማን ይከራከራል? አለቃ ጉሬዛ ካባቸውን አስተካክለው «ይሁን» አሉ። ጃርት ልጆቹን ሰብስቦ ወጣ፤ ሲወጣም አንድ ቋጠሮ ለማንም አላሳየም። ይህን ከቂም እንቁጠርበት ወይስ ጠያቂ ከማጣት? እኔ ሁለቱም አለበት ባይ ነኝ።

የመጀመሪያው ዓመት እውነትም ደስ የሚል ነበር። ይህን ሳልናገር ባልፍ ሽኮኮዎቹን እበድላለሁ። ጃርት በአንድ በጋ የሚያስረውን እነሱ በወር አስረው ገፍተው አመጡ። ታንኳዎቹ ቀጥ ያሉ፣ ለዐይን የሚማርኩ፣ በውሃው ላይ የሚበሩ ነበሩ። ጅቦ ባለሁለት ደርቡን አዘዘ፤ «እሺ» ተባለ፤ ተሠራለት። ቡናው በረታ፣ ጤፉ ገባ፣ ጦጢት ከአለቃ እጅ የዛጎል ድሪ ተሸለመች።

አንዲት ነገር ብቻ ነበረች። ጃርት ይሠራቸው በነበሩት ታንኳዎች ላይ፣ ወደ ላይ ከተጠቀለለው ጭራ ጫፍ ተነሥታ ወደ ወለሉ የምትወርድ ቀጭን ገመድ ነበረች። ልጆች ይወዛወዙባት ነበር፤ ቀዛፊዎች ደግሞ እግራቸውን እየጠለፈች ታናድዳቸዋለች። ሽኮኮዎቹ በሰፈራቸው የሚያስሩት ጭራው ያልተጠቀለለ ዝርግ ታንኳ ስለሆነ እንዲህ ያለ ገመድ አይተው አያውቁም። ከመካከላቸው ግን ሽኮኪት የምትባል አንዲት ወጣት አሮጌውን ታንኳ ስታገላብጥ ቆይታ ወደ ጦጢት መጣች።

«እመት ጦጢት፣ ይህች ገመድ ለምንድን ነው የምትጠቅመው?»

«በውላችን ላይ ተጽፋለች?»

«የለችም።»

«እንግዲያው ተያት። ዋጋውንም በዚያው ቀንሱልን።»

የሽኮኮዎቹ አለቃ ልጅቷን በጆሮዋ ጎተታት። «ያልተከፈለበትን አንጠይቅም» አላት። ገመዷም ቀረች።

እዚህ ላይ ከተረቱ ልውጣ፤ ያችን ገመድ ከራሴ ፈጥሬ አላመጣኋትምና። እ.ኤ.አ. በ1969 ቶር ሄየርዳል የሚባል ኖርዌያዊ የጥንት ሰዎች በደንገል ታንኳ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ እንደነበር ላሳይ ብሎ ተነሣ። ደንገሉ የታጨደው ከዚሁ ከኛ ጣና ነው። ተጓጉዞ ግብፅ ገባና በጊዛ ፒራሚዶች ሥር ታሰረ። ያሰሩት ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ፤ በሐይቃቸው የታወቁ፣ እጃቸው የተባረከ። ቅርጹ የተወሰደው ከጥንታውያን ግብጻውያን ሥዕል ሲሆን፣ በሥዕሉ ላይ ከተጠቀለለው ጭራ ወደ ወለሉ የምትወርድ ገመድ ነበረች። በቻድ ሐይቅ ታንኳ ጭራው አይጠቀለልም፤ ስለዚህ የገመዷን ጥቅም ያየላት አልነበረም። «ራ» የተባለችው ያች ታንኳ ከሞሮኮ ተነሥታ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጓዘች። ጭራዋ ግን ቀስ በቀስ እየወረደ ውሃ ውስጥ ገባ፤ ማዕበሉ በዚያ በኩል ወጣ፤ ከካሪቢያን ደሴቶች ሳትደርስ ሰዎቹ ጥለዋት ወጡ። ገመዷ ለካ ጌጥ አልነበረችም፤ ጭራውን እንደ ደጋን ወጥራ የምትይዝ ነበረች። በዓመቱ በ1970 ሄየርዳል ከደቡብ አሜሪካ፣ ከቲቲካካ ሐይቅ አሳሪዎችን አምጥቶ «ራ 2»ን አሠራ፤ እሷም በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች።

እስቲ ማንን እንውቀስ? ደንገሉ ምርጥ፣ ሥዕሉ ትክክል፣ እጁ የባለሙያ። የጎደለው ገመዷ ለምን እንደተዘረጋች የሚያውቅ ሰው ነው። ፒተር ናውር የተባለው ዴንማርካዊ የኮምፒውተር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1985 ይህንኑ ስለ ፕሮግራም ጽፎታል፦ ፕሮግራም ማለት የተጻፈው ኮድ ብቻ ሳይሆን በሠሪዎቹ ራስ ውስጥ ያለው መረዳት ነው፤ ሠሪዎቹ ሲበተኑ ኮዱ ቢኖርም ፕሮግራሙ ሞቷል። ጃርት የሰውን አፍ አልዘጋም፣ የዘጌን ሰነድም ይዞ አልሄደም፤ ራሱን ብቻ ይዞ ሄደ። ሰነድ ያለው መስሎት የሚኮራ መሥሪያ ቤት ይህን ቢያስብበት ምን ይለዋል?

ወደ ዘጌ እንመለስ። ታንኳዎቹ አልሰጠሙም። ቢሰጥሙማ ጥሩ ነበር፤ ጦጢት ራሷ «መጥፎ ነው» ባለች ነበር። ጭራቸው ነው በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት የወረደው። ከኋላ የተጫነው ጆንያ ከሥሩ ይረጥባል። የረጠበ ቡና ይሻግታል። የሻገተ ቡና ባሕር ዳር ላይ በግማሽ ዋጋ ይሄዳል። በጦጢት ደብተር ላይ ግን የታንኳው ወጪ በአንድ ዓምድ፣ የቡናው ሽያጭ በሌላ ዓምድ ነው። በታንኳው ዓምድ ቁጠባው እንደ ፀሐይ ያበራል። በቡናው ዓምድ ሽያጩ ሲወርድ «የዘንድሮ ገበያ ቀዝቃዛ ነው» ብላ ጻፈችበት። አልዋሸችም፤ ሁለቱን ዓምዶች የሚያገናኝ፣ ማታ ማታ ዳር ላይ ቆሞ የታንኳ ሆድ የሚዳስስ አልነበረም።

ቀዛፊዎቹ ማጉረምረም ሲጀምሩ የሽኮኮዎቹ አለቃ ተጠራ። «እሺ፣ እናየዋለን» አለ። አዩት። «ጭራው ወርዷል» አሉ። «ጭራ ማንሣት ግን በውሉ የለም፤ ተጨማሪ ሥራ ነው፣ በተጨማሪ ዋጋ።» ተከፈለ። ጭራውን በእንጨት ደገፉት፤ እንጨቱ ከበደ፤ ታንኳው ከመሐል ተሰበረ። የመሐሉ ጥገና ሌላ ተጨማሪ ሥራ ሆነ። ማታለል አልነበረበትም። የሚሠሩት የታዘዙትን ነው፤ የሚያዛቸው ደግሞ ማዘዝ የማያውቅ ነው። በሦስተኛው ክረምት፣ ነፋሱ ከሰዓት በኋላ በተነሣበት አንድ የገበያ ቀን፣ ስድስት ታንኳ ከነቡናው ቀረ። ቀዛፊዎቹ ዋኝተው ወጡ።

ይህ በትልልቆቹም ደርሷል። የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን መመዝገቢያ ድረ ገጹን በደርዘን ለሚቆጠሩ ተቋራጮች ከፋፍሎ አሠራ፤ ቁርጥራጩን የማገጣጠሙን ሥራ ግን ልምዱ ሳይኖረው መሥሪያ ቤቱ ራሱ ያዘው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2013 ተከፈተ። አገር ምድሩ ጎረፈ፤ በመጀመሪያው ቀን ምዝገባ የጨረሱት 6 ሰዎች ነበሩ። የተቃናው ጥቂት ባለሙያዎች ገብተው ከተቋራጮቹ ጋር እያደሩ «ይህ ለምን እንዲህ ሆነ?» ማለት ሲጀምሩ ነው። እንግዲህ እነዚያ ተቋራጮች ማዶም አልነበሩም፤ እዚያው አገር ውስጥ ነበሩ። የውሃው ስፋት ብቻ አይደለም ነገሩ።

በዘጌ ሸንጎ ተጠራ፤ እንደዚያን ቀን ጩኸት ተሰምቶ አያውቅም። ጅቦ፣ ያ «እሺ» በተባለ ጊዜ ከሁሉ አብልጦ የሳቀው፣ አሁን «የማዶ ዘር ሁሉ ከባሕራችን ይውጣ!» እያለ ይጮኻል። ባለሁለት ደርቡ ከቀሩት ከስድስቱ አንዱ ነበር። ጦጢትም የዛጎል ድሪዋን አውልቃ ኪሷ ከታ፣ ደብተሯን ገልብጣ፣ «ሁሉንም ወደ ቤት እንመልስ፤ ከነገ ጀምሮ ከማዶ አንድ ነዶ ደንገል አይገባም» አለች።

«የነገውን ታንኳ ማን ያስራል?» አለ ኤሊ።

«ጃርት ይጠራ!»

ተፈለገ። ጃርት አርጅቷል፤ እሾሁ ረግፏል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። ልጆቹስ? አብዛኞቹ ማዶ ተሻግረው በሽኮኮዎቹ ቤት ተቀጥረዋል፤ ዘጌ በሲሶ ዋጋ የምትገዛው ታንኳ ከፊሉ የራሷ ልጆች ሥራ ነው። ይህን ሲሰሙ አለቃ ጉሬዛ ከቅርንጫፋቸው ሊወድቁ ምንም አልቀራቸው።

ሁሉን ወደ ቤት መመለስ የሚቻለው አለ። ጄኔራል ሞተርስ 90 በመቶ የሚሆነውን የኮምፒውተር ሥራውን በውጭ ድርጅቶች እጅ ካኖረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ነገሩን ገልብጦ 90 በመቶውን በራሱ ሰዎች እንደሚያሠራ አስታወቀ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ባለሙያዎችም ቀጠረ። ለዚያ ግን የጄኔራል ሞተርስ ጎተራ ያስፈልጋል። ዘጌ ያላት ቡና ነው፤ እሱም ግማሹ ሻግቷል። አንድ ልጅ ታንኳ አሳሪ እስኪሆን ስንት ክረምት እንደሚፈጅ ደግሞ ጃርት ያውቃል።

«እኔን ጠየቃችሁኝ» አለ ጃርት ድምፁ እየተቆራረጠ። «ደንገል ማጨድና ሆድ ማሰር እነሱ ይበልጡኛል። ታናሽ ልጄ ከማዶ መጥቶ የነገረኝ ነው፤ አምኛለሁም። ጭራውን ግን...» ብሎ አቆመ። «ማሳየት ነበረብኝ።»

በዚህ መካከል ከሸንጎው ኋላ ሽኮኪት ቆማለች። ማንም አልጠራትም፤ የራሷን ታንኳ ቀዝፋ ነው የመጣችው። ሦስት ክረምት ሙሉ የዘጌን ታንኳ ስትጠግን፣ ነፋሱ በየት እንደሚመጣ፣ የትኛው ቀዛፊ እንደሚያዘነብል፣ ቡናው የት ላይ እንደሚረጥብ ተምራለች። የዘጌን ባሕር ከዘጌ ይልቅ አሁን የምታውቀው እሷ ናት። የተማረችው በዘጌ ገንዘብ፣ በዘጌ ቡና መበላሸት ነው፤ ዕውቀቱ ግን ማዶ ነው የሚያድረው። የደቅ ደሴት እንስሳት ይህን ሰምተው እጥፍ ዋጋ እንደላኩላት ጦጢት ያን ጊዜ አላወቀችም።

ጃርት ልጅቷን ጠራት። የአሮጌ ታንኳ ጭራ አስመጥቶ፣ በሚንቀጠቀጥ እጁ ገመዷን አሳያት። የልጅ ልጁንም አጠገቧ አስቀመጠ። ዋርካው ሥር ያለው ሁሉ ሲጠላት ሲወዳት የኖረው ገመድ ጠቅላላ ቋጠሮዋ ሦስት እጥፍ ናት። ሽኮኪት አሰረቻት፤ ፈታቻት፤ መልሳ አሰረቻትና «እንዲህማ ከሆነ ሆዱ ይህን ያህል መጥበቅ የለበትም፤ ከጭራው ጋር ይሳሳባል» አለች። ጃርት ዝም ብሎ አያት። እሱ ያንን ያወቀው ከሸበተ በኋላ ነበር።

ከዚያ ክርክሩ ስለ ዋጋ ሆነ። ደንገሉ ማዶ ይታጨድ፣ ሆዱ ማዶ ይታሰር፤ ይህን ያህል አላከራከረም። ጭራው ዘጌ ላይ ይታሰር ተባለ፤ የጃርት የልጅ ልጅም ማታ ማታ ዳር ላይ ቆሞ ሆድ ይዳስስ፣ ገበያ በሌለበት ሳምንትም ይብላ ተባለ። ጅቦ «ሳይሠራ ሊበላ!» ብሎ ጮኸ፤ ሰሚ አላገኘም። ሽኮኪት ግን ከሳምንቱ ግማሹን ዘጌ እንድታድር ስትጠየቅ የሲሶውን ዋጋ አልተቀበለችም።

«የደቅ ሰዎች እጥፍ ልከውልኛል» አለች።

ጦጢት ፊቷን አጨፈገገች። «እጥፍ እንከፍላለን።»

«ሌላም አለ። ይህ ለምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ ‹በውል አለ ወይ› የማይለኝ፣ መልስ የሚሰጠኝ አንድ ሰው ይመደብልኝ። ቀዛፊዎቹንም በፈለግሁ ጊዜ ላናግር።»

አለቃ ጉሬዛ «ይሁን» አሉ። ጦጢት ደብተሯን ገለጠች። የታንኳውን ዓምድ አየች፤ የቡናውን ዓምድ አየች፤ ብዕሯን በመካከላቸው ይዛ ቆየች።

«ጠያቂና መልስ ሰጪ» አለች፤ «ይህን እንግዲህ በየትኛው ልጻፈው?»

«መጻፉስ ለምን አስፈለገ?» አለ የጃርት የልጅ ልጅ።

«ይኸው» አለች ጦጢት፣ «ጀመረ!»